ለወፍራም ዋንዛ የሚሆን ጥሩ ጅግሶ የትኛው ነው?

ጠያቂ፣ ከደሴ
እንደምን ሰነበታችሁ። ደሴ ውስጥ የአልጋ ራስጌና በር በዋንዛ የምሠራ አናጺ ነኝ። በእጄ ያለው ርካሽ ጅግሶ (ኩርባ የሚያወጣ፣ ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የኤሌክትሪክ መጋዝ) በስስ ኮምፔንሳቶ ላይ ባያስቸግረኝም፣ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጣውላ ላይ ኩርባ ሳወጣ ከላይ የእርሳሱን መስመር ይዞ እየሄደ ከታች ምላጩ ወደ ጎን ስለሚያመልጥ፣ በሞረድ ለማስተካከል የማጠፋው ጊዜ ከቆረጣው ይበልጣል። ዘመዴ ከውጭ አገር ሲመጣ ከፌስቱል፣ ከማፌል፣ ከቦሽ ወይም ከማኪታ ኩባንያዎች ጅግሶ አንዱን እንዲያመጣልኝ አስቤያለሁ። የዋጋው ልዩነት በሥራው ላይ በእርግጥ ይታያል ወይ?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ
ወንድሜ፣ ልዩነቱ ይታያል፤ ዋቱን (የሞተሩን ጉልበት) አይተህ ግን አትምረጥ። የፌስቱሉ «ፒኤስ 420» ሞዴል 550 ዋት፣ የማኪታው «4350» 720 ዋት፣ የቦሹ «ጂኤስቲ 160» 800 ዋት፣ የማፌሉ «ፒ1» ደግሞ 900 ዋት ነው፤ ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት ርቀት ግን በአራቱም 26 ሚሊ ሜትር ነው። ዋናው ጉዳይ ምላጩ ከእንጨቱ አጠገብ ምን ያህል ተይዟል የሚለው ነው። የጅግሶ ምላጭ የሚያዘው ከላይ ብቻ ስለሆነ፣ ጫፉ በወፍራም እንጨት ውስጥ ጠንካራው የእንጨቱ ጭረት ወደ ገፋው ይሄዳል። ፌስቱል ከምላጩ ግራና ቀኝ ሁለት የካርባይድ (በጣም ጠንካራ ብረት) መንጋጋዎች ስላሉት፣ ምላጩን ሊነኩት እስኪቃረቡ ድረስ በቁልፍ ታጠብቃቸዋለህ፤ ለአንተ ሥራ ገንዘብ የሚከፈለው ለዚህ ነው። የትኛውንም ከመግዛትህ በፊት ወፍራም ቁራጭ በኩርባ ቁረጥበትና የተቆረጠውን ፊት በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) ለካው፤ በስኳድራውና በእንጨቱ መካከል ብርሃን ካለፈ ምላጩ ታጥፏል ማለት ነው።

መልስ፣ ከወልዲያ
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ዘመድዎ የሚመጡት ከአሜሪካ ከሆነ አደራ ይጠንቀቁ፤ የዚያ አገሩ መሣሪያ የሚሠራው በ120 ቮልት ስለሆነ በእኛ 220 ላይ ቢሰኩት ይቃጠላል። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ ከሆነ ይህ ችግር የለም። እኔ ብሆን ደግሞ የጥገናውን ነገር አስቀድሜ አስብ ነበር። በዚህ አካባቢ የማኪታና የቦሽ ካርቦን (በሞተሩ ውስጥ እየተበላ የሚቀየር ቁራጭ) የሚያውቅ ጠጋኝ አለ፤ ማፌል ግን ቢበላሽ ማን ዘንድ ይወሰዳል? ዳቦ የሚያበላዎ መሣሪያ በአንድ መለዋወጫ እጥረት ወራት መቆም የለበትም፤ ስለዚህ ቦሽን እመርጣለሁ።

ጠያቂ፣ ከደሴ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዘመዴ የሚመጣው ከጀርመን ነው። እስከዚያው በያዝሁት መሣሪያ ምን ላድርግ?

መልስ፣ ከሐይቅ
ምላጩን ይቀይሩ። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ስስ ምላጭ ለዚህ ውፍረት አይሆንም። የቦሽ «ቲ 144 ዲፒ» ምላጭ አካሉ ወፈር ያለ ስለሆነ በቀላሉ አይታጠፍም፤ ሰፋ ላለው የራስጌ ኩርባ ይበቃል። ለጠባብ ኩርባ ግን ስለማይዞር ጠበብ ያለውን «ቲ 244 ዲ» ምላጭ ያስገቡና ከመስመሩ ውጭ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀው ይቁረጡ፤ ትርፉን በሞረድ ያስተካክሉታል። ምላጩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወዘውዘውን ማስተካከያ ዜሮ ላይ ያድርጉት፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ቆረጣው ግን ይጠራል። ከሁሉም በላይ አይግፉት፤ ምላጩ በራሱ ጊዜ ይብላ። ወይራ ከሆነ ደግሞ በየመካከሉ ቆም ብለው ምላጩ እስኪበርድ ይጠብቁ፤ የጋለ ምላጭ ቶሎ ይደንዛል፣ የደነዘው ደግሞ እንዲገፉት ያስገድድዎታል።