«ደሙ ራሱ ይናገራል» የሚለው ነገር

የሉፐስ እህት፦ ትናንት እዚህ የተለጠፈው ጽሑፍ አናዶኛል። «ከእንግዲህ ሐኪም አይገምትም። የትኛው ጂን እየሠራ እንደሆነ የሚያነብ ምርመራ አለ፤ ደሙ ራሱ ይናገራል» ይላል። እህቴ አራት ዓመት ሙሉ «ሪህ ነው»፣ «ደም ማነስ ነው»፣ «ጭንቀት ነው» ስትባል ኖራለች። ሉፐስ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ፣ መሆኑ ሲታወቅ ኩላሊቷ ተነክቶ ነበር። የሚያስፈልጋት ተራ የኤኤንኤ ምርመራ ነበር፤ የራስን ሴል የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ደም ውስጥ መኖሩን የሚያይ። የሚያዝላት ጠፋ።

ሰላሙ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እህትሽን እግዜር ይማርልሽ። ቃሌን ግን አላነሳም። በ2003 አሜሪካ ውስጥ ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች የሉፐስ ሕሙማንን ደም ወስደው በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን አንድ ላይ አነበቡ። በብዙዎቹ ላይ ኢንተርፌሮን የሚቀሰቅሳቸው ጂኖች ተያይዘው በርተው ተገኙ። ኢንተርፌሮን ሰውነት ቫይረስ ሲገባበት የሚያሰማው ጩኸት ነው። እነሱ ላይ ቫይረስ ሳይኖር ይጮሃል። በ2021 የኢንተርፌሮንን መቀበያ የሚዘጋው መድኃኒት፣ አኒፍሮሉማብ፣ ተፈቀደ። ይሄ መናገር ካልሆነ ምንድን ነው?

ሐኪም ነኝ፦ ሰላሙ፣ ኢንተርፌሮን በሉፐስ ሕሙማን ደም ውስጥ እንደሚበዛ በ1979ም ተጽፏል። የ2003ቱ ሥራ ትልቅ ነው፤ ከዜሮ ግን አልጀመረም። መድኃኒቱም ቢሆን ከሁለቱ ትላልቅ ሙከራዎች በመጀመሪያው ዋናውን መለኪያ አላለፈም።

ሰላሙ፦ በሁለተኛው አለፈ። እሱንም ጻፈው እንጂ።

የላብራቶሪ ልጅ፦ እኔ ደም ስቀዳ ነው የምውለው። የሚነበበው አር ኤን ኤ ነው፤ ጂን ሲሠራ የሚያወጣው ቅጂ። እሱ ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። በሐምራዊ ክዳን ቱቦ ቀድተህ ጠረጴዛ ላይ ካዋልከው ሴሎቹ እዚያው ቱቦ ውስጥ ጂን ያበራሉ፣ ያጠፋሉ። ከሰዓት የምታነበው የቱቦውን ነው፤ የበሽተኛውን አይደለም። ለዚህ ነው አር ኤን ኤውን ባለበት የሚያቆም ፈሳሽ ያለበት ልዩ ቱቦ፣ ከዚያም ዲፕ ፍሪዘር የሚያስፈልገው። መብራት በሚጠፋበት ቤት «ደሙ ራሱ» አይባልም።

ሐኪም ነኝ፦ ሌላም አለ። ደም ውስጥ ብዙ ዓይነት ሴል ነው ያለው። የአንዱ ቁጥር ከጨመረ የሱ ጂኖች ጎልተው ይታያሉ፤ አንድም ሴል ጠባዩን ሳይለውጥ። ሰርግ ላይ የሙሽራው ወገን በዝቶ ከመጣ ድምፁ ይጎላል፤ ማንም ከወትሮው በላይ ስለጮኸ አይደለም።

ሰላሙ፦ ታዲያ ሩማቶይድ አርትራይተስ በሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ላይ በ2021 የታተመውን ምን ትለዋለህ? ሌላ መድኃኒት ያልሠራላቸው 164 ሰዎች ናቸው። ከመገጣጠሚያቸው ናሙና ተወሰደ። በማይክሮስኮፕ ሲከፋፈሉ የሁለቱ መድኃኒቶች፣ የቶሲሊዙማብና የሪቱክሲማብ፣ ልዩነት ጎልቶ አልወጣም። በአር ኤን ኤ ሲከፋፈሉ ግን ቢ ሴል፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ነጭ የደም ሴል፣ ካነሰባቸው መካከል በቶሲሊዙማብ 63 ከመቶ፣ በሪቱክሲማብ 36 ከመቶ ለውጥ አገኙ።

የላብራቶሪ ልጅ፦ እሱ መገጣጠሚያ ነው! አንተ ያልከው «ደሙ ራሱ» ነው።

ሰላሙ፦ ሥጋም ይሁን ደም፣ የተነበበው ጂን ነው።

የላብራቶሪ ልጅ፦ ልዩነት አለው እንጂ። መገጣጠሚያ ውስጥ መርፌ ሰደህ ናሙና ማውጣትና ክንድ ላይ ደም መቅዳት አንድ ነው?

ከቨርጂኒያ፦ እኔ ሉፐስ አለብኝ። አኒፍሮሉማብ በየአራት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጠኛል። ፊቴ ላይ የነበረው ሽፍታ ጠፍቷል፤ ተመስገን። ግን የጂን ምርመራ ማንም አላዘዘልኝም። ሐኪሜ ቆዳዬንና መገጣጠሚያዬን አይታ ነው የጀመረችልኝ።

ሰላሙ፦ መድኃኒቱ ግን የዚያ ጥናት ልጅ ነው። ሙከራው ላይ ሕሙማን የተከፋፈሉት በአራት ጂኖች ምርመራ ነበር።

የሉፐስ እህት፦ ቨርጂኒያ ሆኖ መከራከር ቀላል ነው።

ከቨርጂኒያ፦ እህቴ፣ እኔም ከኢንሹራንስ ጋር ስሟገት ወራት አልቀዋል። እዚህ ያለን ሁሉ ተመችቶን አይደለም። አንድ ጥያቄ ደግሞ ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ሉፐስ ጥቁር ሴቶችን አብዝቶ ይይዛል፣ አክርሮም ይይዛል። የጂን መረጃው በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተሰበሰበ ነው። እስካሁን የተናገረው የማን ደም ነው?

ሰላሙ፦ ለዚህ መፍትሔው የኛንም ደም ማስገባት ነው። ጥናቱን ማጣጣል አይደለም።

የሉፐስ እህት፦ ማን አጣጣለ? ቅደም ተከተሉን ነው ያልኩት። መጀመሪያ ኤኤንኤ፣ የሽንት ፕሮቲን ምርመራ፣ የሉፐሱ ክኒን ሃይድሮክሲክሎሮኪን። ያንተ ጽሑፍ ግን «ሐኪም አይገምትም» ይላል። እህቴን የጎዳት ያለመጠርጠር ነው። የጠረጠረ ሐኪም ብታገኝ ኖሮ ኩላሊቷ ይተርፍ ነበር።

ሐኪም ነኝ፦ በዚህ ካንቺ ጋር ነኝ።

ሰላሙ፦ «አይገምትም» የሚለውን አስተካክላለሁ። «ይናገራል» የሚለው ግን ይቆያል።

የላብራቶሪ ልጅ፦ «በትክክል ከተቀዳ» ብለህ ጨምርበት።

ሰላሙ፦ አልጨምርም።

የሉፐስ እህት፦ እናንተ ቀጥሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ያየ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የቀራት የስድስት ቀን ነው።