የልጆቹ እረፍት ሐምሌ፣ በረዶው ታኅሣሥ፤ ምን ይሻለኛል?

የሦስት እናት

ሰላም ለዚህ ቤት። የምንኖረው ስታዲየም አካባቢ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ14 ዓመት ሴት ልጄ፣ የ10 ዓመት ወንድሟና የ5 ዓመቱ ማሙሽ። አንድ ጊዜ ከአገር ወጣ ብለን ለመምጣት ሦስት ዓመት ዕቁብ ጥለናል። ችግሩ ቤቱ በሦስት ተከፍሏል። ትልቋ ስልኳ ላይ ሰው ከተራራ ሲንሸራተት ስታይ ነው የምታመሸው፤ ስኪ ካልሞከርኩ ብላለች። አባታቸው አንበሳ ይፈልጋል፤ ያውም የስድስት ኪሎውን ያልሆነ። እኔ ደሴት፣ አሸዋና ማንም "እማዬ" የማይለኝ ሁለት ሰዓት ብቻ።

ወንድሜ ሙኒክ ነው ያለው። "በፈረንጅ ገና ኑ፣ ተራራው በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው" ይላል። ልጆቹ ግን ያኔ ትምህርት ላይ ናቸው፣ ከዚያ ደግሞ የጥር ፈተና አለ። በክረምት እንሂድ ወይስ በክረምት? የኛ ክረምት ወይስ የነሱ ማለቴ ነው። ባለቤቴ ደግሞ "ሀበሻንና ስኪን ምን አገናኛቸው?" እያለ ልጅቷን ያበሽቃታል።

የፒያሳ ልጅ

ለባለቤትሽ፦ ሮቤል ተክለማርያም የሚባል አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ ተወዳድሯል። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ደገመው። ድሮ ተገናኝተዋል በይው።

ሁለት ጊዜ አሻራ

ሼንገን (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ካሰብሽ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ማመልከት አይቻልም፤ ከዘገየሽ ደግሞ ቀጠሮ ታጫለሽ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45፣ ማሙሽ በነጻ። ቢከለክሉሽም ብሩ አይመለስም። እኛን አንድ ኤምባሲ ለእኔና ለልጆቹ ሰጥቶ ባለቤቴን ከለከላት። ምክንያቱን የሚነግሩሽ ሳጥን ላይ ምልክት ባደረጉበት ፎርም ነው፣ ማንን ትከራከሪያለሽ? ልጆቹ "ያለ እማዬ አንሄድም" አሉ፣ ቀረን።

አባ ሻንጣ

እህቴ፣ ልጆቹ የሚያርፉት በኛ ክረምት ከሆነ በኛ ክረምት በረዶ ያለበት አገር ፈልጊ። ከምድር ወገብ በታች ሐምሌ ብርድ ነው። እኛ አምና ስኪ የሞከርነው ሌሶቶ ነው። አዎ፣ እዚሁ አፍሪካ። አፍሪስኪ ይባላል፤ ማሉቲ ተራሮች ላይ ነው፣ ጫፉ 3,222 ሜትር፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ አካባቢ ይሠራል። ቁጥሩ እንዳያስፈራሽ፤ ከእንጦጦ ጫፍ ብዙም አይርቅም። ከባሕር ጠረፍ የመጡት ጭንቅላታቸውን ይዘው ሲያቃስቱ የኔ ልጆች አባሮሽ ይጫወቱ ነበር።

ግን ሙኒክ ያለው ወንድምሽ የሚያሳይሽን ዓይነት ተራራ እንዳትጠብቂ። ዋናው መንሸራተቻ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ብዙውን በረዶ የሚረጨው ማሽን ነው። ዙሪያው ቡናማ ሣር፣ መሐሉ ላይ አንድ ነጠላ ለማድረቅ የተሰጣ ነው የሚመስለው። ለጀማሪ ግን በቂ ነው። የ12 ዓመቱ ልጄ በአንድ ሰዓት ቆሞ መውረድ ቻለ፤ እኔ እስኪመሽ በቂጤ ወረድኩ። ጫማው ሲታሰር እግር ብቻ ሳይሆን ነፍስም ይጨምቃል። ትንሿ ገበቴ የመሰለ ፕላስቲክ ላይ ቁጭ ብላ ስትንሸራተት ዋለች። እስከዚያ ቀን በረዶ ማለት ለሷ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው፤ "አባ፣ ይሄኛው ድምፅ የለውም" አለችኝ።

ልብስ ከመርካቶ ሰልባጅ ተራ ለአራታችንም ገዛን። የኔ ጃኬት ዚፕ ላይ የአንድ አውሮፓ ስኪ ቦታ ቲኬት እንደተንጠለጠለ ነበር። ከሁለታችን ልምድ የነበረው እሱ ነው።

ከጆሃንስበርግ በኪራይ መኪና አምስት ሰዓት ያህል ነው። እዚያ የሚነዳው በግራ ነው፤ ባለቤቴ አጠገቤ ሆና "ግራ! ግራ!" ስትል በእውነትም ግራ ገባኝ። አንድ ነገር አደራ፦ ሌሶቶ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ የተከበበች ናት። ከሷ ስትወጪ እንደገና ደቡብ አፍሪካ ነው የምትገቢው። ስለዚህ የደቡብ አፍሪካው ቪዛ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ይሁን፣ የሌሶቶውን ደግሞ ለብቻው ጠይቂ። መኪናውም ድንበር እንዲሻገር ካከራዩ ደብዳቤ ይፈልጋል። የኛ አከራይ "ችግር የለም" ብሎ ሸኘን፤ ካሌዶንስፖርት ድንበር ላይ ችግር ሆነ። ደብዳቤው በኢሜይል እስኪመጣ ፎሪስበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ግማሽ ቀን ዳቦ በወተት ስንበላ ዋልን። ስንሻገር ግን እረኞቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ፈረስ ላይ ሆነው ሲያልፉ፣ መንዝ ገባን እንዴ አልኩ።

አንበሳው ደቡብ አፍሪካ፣ ክሩገር የሚባለው ፓርክ ነው። ሐምሌ እዚያ ደረቅ ወር ነው፤ ሣሩ ይሳሳል፣ አውሬው ውኃ ዳር ይሰበሰባል፣ ወባውም ይቀንሳል። በሩ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ተከፍቶ ማታ 11፡30 ይዘጋል። የራስሽን መኪና እየነዳሽ ነው የምታይው፤ አስፋልት ላይ ከ50 በላይ አይነዳም፣ መውረድ ክልክል። ሁለት ቀን ዝሆንና ቀጭኔ ጠገብን፣ አንበሳ የለም። ባለቤቴ "ስድስት ኪሎ ይሻል ነበር" ማለት ጀምራ ነበር። በሦስተኛው ጠዋት ሦስት አንበሶች አስፋልቱን ዘግተው ተዘርግተዋል፤ ከኋላችን የተሰለፈው መኪና የሜክሲኮ አደባባይ የማታ ሰልፍ። ማንም ግን ክላክስ አይነካም! ጅብ ሲያዩ ልጆቼ ቀና ብለውም አላዩት።

ለደሴቱ ዛንዚባር። እኛ በአዲስ አበባ በኩል ነው የሄድነው፤ አንድ ሌሊት ቤታችን አድረን፣ ጃኬቱን አራግፈን ነጠላ ጫማ ይዘን ወጣን። ሐምሌ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፣ ነፋሻ ነው። ከልጅ ጋር ከሆንሽ ሰሜኑን፣ ኑንግዊን ወይም ኬንድዋን ያዢ። በምሥራቅ በኩል ባሕሩ ሲሸሽ እሩቅ ይሄዳል፤ ፓጄ ላይ ጠዋት ተነስተን ስናይ የለም፣ ትንሿ "ማን ጠጣው?" ብላ አለቀሰች። ጆዛኒ ጫካ ያሉትን ቀይ ጦጣዎች አሳዪያቸው፤ የኛን ጉሬዛ ቀይ ካፖርት ያለበሱት ነው የሚመስሉት። ደሴቷ ከጥቅምት 2024 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የራሷን ኢንሹራንስ ታስከፍላለች፦ ለአዋቂ 44 ዶላር፣ ለልጅ ግማሹ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብላችሁ ያዙ። የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬት ዋናውን። የምትጾሙ ከሆነ ከሐምሌ 5 በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ሂዱ። ያ አገር ማታ ማታ ሥጋ በከሰል ይጠብሳል፣ ሽታውን አትችሉትም።

የጎባ ልጅ

ሁሉም መልካም፤ ግን ዶላሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቁብሽ ብር ስንት ሰው እንደሚያሻግር አስልተሻል? በገና እረፍት ባሌ ኑ። ሳኔቲ የሚባለው አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይነጋል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ የሚያድነውም ፍልፈል ስለሆነ በቀን ታገኙታላችሁ። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን ከመኪናችሁ አጠገብ ይግጣል። ማሙሽን ግን ሳኔቲ ላይ አታሳድሩት፣ ጎባ ውረዱ። ስትመለሱ ዝዋይ ላይ ጀልባ ይዛችሁ ቱሉ ጉዶ ደሴት ግቡ። ስኪ የለንም፣ ይቅርታ።

የሦስት እናት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሮቤል ላይ ዝም አለ፣ "በቂጤ ወረድኩ" ላይ ሳቀ፣ 44 ዶላሩ ላይ ካልኩሌተር አወጣ። የጎባ ልጅ፣ የገና እረፍታችን ባሌ ሆነ፤ ሐምሌን ዕቁቡ ሲወጣ እናያለን። ትልቋ አኩርፋለች፣ ከክፍሏ አልወጣችም። አባ ሻንጣ፣ ያ ቲኬት ያለበት ጃኬት አለ? ስንት ቁጥር ነው?

አባ ሻንጣ

ኤክስ ኤል ነው፣ ልጅቷን ድንኳን ያክልባታል። የባለቤቴ ይሆናታል፤ አምባሳደር ጋ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።