እናቴ «ዓይኔን በመርፌ አልወጋም» አለች፤ ምን ብዬ ላሳምናት?

የወሎ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

እናቴ 77 ዓመቷ ነው። ከደሴ ከመጣች ጀምሮ የምትኖረው እኔ ጋ ነው። ጠዋት ዳዊቷን ሳትደግም ቡና አትቀምስም። ከፋሲካ በኋላ ግን «ፊደሉ ደበዘዘብኝ፣ መነጽሩ አርጅቷል» ትለኝ ጀመር። መነጽሩ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። ዘመድ ሁሉ «ሞራ ነው፣ ይገፈፍላትና ትድናለች» አለ። ከዚያ አንድ ቀን የበሩን መቃን እያየች «ይሄን እንጨት ማን አጎበጠው?» አለችኝ። መቃኑ ቀጥ ያለ ነው። የእኔንም ፊት ስታይ መሃሉ ላይ ጭስ የመሰለ ነገር አለ፤ ጆሮዬና ፀጉሬ ግን ይታያታል።

የሬቲና ሐኪም ጋ ወሰድኳት። የዓይንን ውስጥ ሥዕል በሚያነሳው በኦሲቲ መሣሪያ አነሷት። ማኩላ የሚባለው መሃል እይታን የሚሰጠው የዓይን ክፍል በዕድሜ ምክንያት ተጎድቷል፣ ቀኙ «ደረቅ» የሚባለው ዓይነት ነው፣ ግራው «እርጥብ» የሚባለው ነው አሉን። ለግራው በየወሩ መርፌ ታዘዘ፤ እዚያው ዓይኗ ላይ! እኔ ነኝ ያስተረጎምኩላት። ሰምታ ሳትጨርስ «ዓይኔን በመርፌ? ይቅርብኝ፣ ጠበሌን እጠመቃለሁ» ብላ ተነሳች።

ሌላም ነገር አለ። ለሐኪሙ አልነገርንም። ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ነጭ የለበሱ ትንንሽ ልጆች ታያለች። አይናገሩም፣ ዝም ብለው ይቆማሉ። «ለሰው እንዳትነግሪ፣ አበደች ይሉኛል» ብላኛለች። አእምሮዋም እየተነካ ይሆን እንዴ? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ጡረተኛው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ልጄ፣ ከልጆቹ ልጀምርልሽ፤ እናትሽን ከመርፌው በላይ የሚያስጨንቃቸው እሱ ይመስለኛል።

እኔም ይኸው በሽታ አለብኝ፤ ሁለቱም ዓይኖቼ ላይ ነው። ሲመሽ ነጩ ግድግዳ ላይ ሐረግ አያለሁ። የብራና መጽሐፍ ላይ እንደሚሳለው ያለ፣ ቀይና አረንጓዴ፣ እየተጠላለፈ ወደ ላይ የሚወጣ ሐረግ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ለባለቤቴም አልተነፈስኩም። በኋላ ለሐኪሜ ስነግረው ምንም አልደነገጠም። ቻርልስ ቦኔት የሚባል የስዊዘርላንድ ሊቅ በ1760 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነገር ነው፤ የገዛ አያቱ ዓይናቸው ሲደክም ሰውና ሕንፃ ይታያቸው ነበር። ነገሩ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ዓይን የሚልከው ሥዕል ሲጎድል አንጎል ከራሱ እያወጣ ይሞላዋል። እብደት አይደለም፣ ርኩስ መንፈስም አይደለም። ሰውየው የሚያየው እውነት አለመሆኑን ያውቃል፤ የሚታየው ነገርም ድምፅ የለውም። ለሐኪሙ ግን ይነገር፤ በመድኃኒት ወይም በሌላ ሕመም የሚመጣ ተመሳሳይ ነገር ስላለ እሱ ያጣራ። እኔ ሐረጉ ሲመጣ መብራት አበራለሁ፣ ዓይኔን ቶሎ ቶሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዟዙራለሁ። ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

አሁን ወደ መርፌው። ፍርሃታቸው ይገባኛል። እንዲህ ነው የሚደረገው፦ መጀመሪያ የሚያደነዝዝ ጠብታ ያደርጉልሻል፤ ደጋግመው። ከዚያ ቢጫማ የአዮዲን ፈሳሽ ዓይንሽ ውስጥ ያፈሳሉ፣ ጀርም እንዳይገባ። ዓይንሽ እንዳይከደን ትንሽ መያዣ ይገባል። «ወደ ላይ ተመልከት» ይሉኛል። መርፌው በጣም ቀጭን ነው፤ የሚገባውም ነጩ ላይ ነው እንጂ ጥቁሩ ላይ አይደለም። ፊት ለፊት ሲመጣም አይታይም። ጫን የሚያደርግ ነገር ይሰማኛል፣ አለቀ። ማታ ላይ ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራል፤ እሱም ያው ከአዮዲኑ ነው። ጥቁር አረፋ የመሰለ ነገር ሲንሳፈፍም ይታያል፣ በቀን በሁለት ቀን ይጠፋል።

ለምን ይቸኩላሉ ብትይ፣ እርጥቡ ዓይነት ጊዜ አይሰጥም። ከማኩላው ሥር ደካማ የደም ሥሮች ይበቅሉና ደምና ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ። ዝም ከተባለ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ከሆነ በኋላ መርፌም አይመልሰው፣ መነጽርም አይመልሰው። ታላቅ ወንድሜ እንደዚህ ነው መሃል ዓይኑን ያጣው። ያኔ ይህ መድኃኒት አልነበረም፤ ሉሴንቲስ የሚባለው መርፌ ለዚህ በሽታ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ወንድሜ ግቢው ውስጥ ማንም ሳይመራው ይሄድ ነበር፣ ልጆቹን ግን በድምፃቸው ነበር የሚለየው። እኔ ዛሬ ይህን የምጽፈው ስልኬ ላይ ፊደሉን አሳድጌ ነው። ልዩነቱ መርፌው ነው። በየወሩ የሚሆነው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ዓይኑ ሲደርቅ ሐኪሙ ቀጠሮውን ያራዝመዋል። «አሁንማ ይታየኛል» ተብሎ ግን አይቀርም።

አንድ ነገር አደራ። መስመር መስመር የተሰመረበት፣ መሃሉ ላይ ነጥብ ያለው ወረቀት አለ፤ አምስለር ይሉታል። ከክሊኒኩ ጠይቂና ፍሪጁ ላይ ለጥፊው። ጠዋት የንባብ መነጽራቸውን አድርገው፣ አንዱን ዓይን በመዳፋቸው ሸፍነው ነጥቡን ይዩ፤ ከዚያ ሌላውን። አንድ በአንድ! ሁለቱን ገልጠው ካዩ ደህናው ዓይን የታመመውን ይሸፍንለታል። ቀኙ ደረቅ ነው ቢባልም አንድ ቀን ወደ እርጥብ ሊዞር ይችላል። መስመሩ ከጎበጠ ወይም ከተቆረጠ የቀጠሮውን ቀን አትጠብቂ፣ ያንኑ ዕለት ደውይ።

አንቺም ተመርመሪ። በዘር የሚሄድበት አለ። የሚያጨስ ወንድም ካለሽ ደግሞ ንገሪው፤ ሲጋራ ይህን በሽታ ክፉኛ ያባብሰዋል።

ማር እሸት (ዳላስ)

የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ጋሼ አሳምረው ነግረውሻል፤ የቀረውን ልጨምርልሽ።

ለቀኙ ዓይን «አሬድስ 2» የሚባል የቫይታሚን ቅንብር ሳያዙላችሁ አይቀሩም። ስሙን ያገኘው በ2013 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ከወጣ ትልቅ የአሜሪካ መንግሥት ጥናት ነው። ቫይታሚን ሲ 500 ሚሊግራም፣ ዚንክ 80፣ ሉቲን 10፣ ዚያዛንቲን 2፣ ሌላም አለበት። የጠፋ እይታ አይመልስም። መካከለኛ ደረጃ ላይ ላለ ሰው ግን በሽታው ወደ ከባዱ እንዳይሄድ ዕድሉን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ተራ መልቲቫይታሚን አይተካውም። ቤታ ካሮቲን ያለበትን የድሮውን አትግዢ፤ ለሚያጨሱና ያጨሱ ለነበሩ ሰዎች የሳንባ ካንሰር ስጋት ስላለው ነው የተወገደው።

እናትሽ ጿሚ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ዚንኩ ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል፤ ስለዚህ ከምግብ ጋር ይሁን፣ ጾም ሲሆን ከፈቱ በኋላ። ብዙዎቹ ለስላሳ እንክብሎች ከእንስሳ የሚሠራ ጄላቲን አለባቸው። ለእሳቸው ግድ የሚል ከሆነ ጄላቲን የሌለው አለ፣ ጀርባውን አንብቢ። ጎመን ደግሞ አብዢላቸው፤ ሉቲን ሞልቶበታል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ግን የጎመኑን መጠን ከመቀየርሽ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቂ።

ስለ ዋጋው። አቫስቲን የሚባለው መርፌ መጀመሪያ ለአንጀት ካንሰር የወጣ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ከሉሴንቲስ ጋር ተወዳድሮ ለዓይን እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ያኔ አቫስቲን በአሥሮች ዶላር ነበር፣ ሉሴንቲስ ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ። ኢንሹራንሱ ካስቸገረሽ ስለ አቫስቲን ጠይቂ፤ ርካሽ ነው ብለሽ አትጠራጠሪው።

ጠበሉን ይተዉ አልልም፤ የእኔም እናት ትጠመቃለች። ከመርፌው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ግን ውሃ ዓይናቸው ውስጥ አይግባ፣ በእጃቸውም አይሹት። ኢንፌክሽን የሚያመጣው ከሺህ መርፌ አንዱ እንኳ አይሞላም፣ ከያዘ ግን ዓይን ያጠፋል። ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ከቀላ፣ ብርሃን ካስጠላቸው፣ እይታቸው ከቀነሰ ሌሊትም ቢሆን ደውይ።

ደግሞ አንቺ አታስተርጉሚ። ልጅ ስታስተረጉም እናት ፍርሃቷን ትደብቃለች፤ በየቀኑ የማየው ነው። የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ። ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ።

የወሎ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጋሼን መልእክት ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሐረጉ ጋ ስደርስ አስቆመችኝ። «ሰውየው ሐረግ ያያሉ? እውነት?» አለች። ደግሜ አነበብኩላት። ከዚያ ስለ ልጆቹ ራሷ ታወራኝ ጀመር፤ የመጀመሪያዋ ነው። ሐሙስ ቀጠሮ ይዘናል፣ አስተርጓሚም ጠይቄያለሁ። ገና በደንብ እሺ አላለችም፣ ግን «የሚያደነዝዘውን ጠብታ ብዙ ያድርጉልኝ» ብላለች።

ጋሼ፣ ቤት ውስጥስ ምን ላስተካክልላት? አዲስ አበባ ያለችው አክስቴም እንደዚሁ ይላታል፤ እዚያ መርፌው ይገኛል?

ጡረተኛው

ተመስገን! ጠብታውን ራሳቸው ይጠይቁ፣ አይፈሩ።

ቤት ውስጥ ዋናው ቀለም ማለያየት ነው። ቡና በነጭ ሲኒ ደህና ይታያል፤ ወተት በነጭ ኩባያ ግን አይታይም፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ይሁን። የደረጃውን ጠርዝ ቢጫ ፕላስተር ለጥፊበት። መብራቱ ከትከሻቸው በስተኋላ መጥቶ መጽሐፉ ላይ ይረፍ። ዳዊቱን በትልቅ ፊደል አሳትሚላቸው። የሰውን ፊት ሲያዩ ደግሞ ትንሽ ወደ ጎን ይመልከቱ፤ የዳሩ እይታ ስላልተነካ አፍንጫውን ትተው ጆሮውን ሲያዩ ፊቱ ብቅ ይላል። ልምምድ ይፈልጋል።

ሰላም ነኝ (አዲስ አበባ)

አባቴን የማሳክመው እዚህ ነው። የሬቲና ሐኪሞች አሉ፣ አቫስቲንም ይሰጣል። አክስትሽ ዓይን ክሊኒክ ሲሄዱ «ሬቲና ሐኪም ጋ ምራኝ» ይበሉ፤ መነጽር ብቻ ተለክቶላቸው እንዳይመለሱ። የኦሲቲውን ሥዕል በየጊዜው በስልክ ያስነሱ ወይም ቅጂውን ያስቀምጡ። የኛ ሐኪም ሁሌ መጀመሪያ የሚጠይቀን የበፊቱን ነው፤ ፈሳሹ መቀነሱንና መጨመሩን የሚያውቀው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያይ ነው።