መስሪያ ቤት ውስጥ የኤችአይቪ ምርመራ ሲዘጋጅ ሰው እንዳይሸማቀቅ ምን ይደረግ?

ፀሐይ_ኤችአር፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እህታችሁን አንድ ነገር አማክሩኝ። ሰራተኛ አስተዳደር ነው የምሰራው፣ አብዛኛው ሰራተኛችን በፈረቃ ነው። ማኔጅመንቱ የጤና ምርመራ ቀን ይዘጋጅ፣ ኤችአይቪም ይጨመርበት አለ። ሀሳቡን በጣም ነው የወደድኩት ምክንያቱም ብዙው ሰው ክሊኒክ ለመሄድ ፈቃድ መለመን አለበት በዛ ላይ የቀኑ ይቆረጥበታል፣ ስለዚ ሳይመረመር ዓመት አልፎ ዓመት ይመጣል። ግን ወሬው ገና ሲሰማ "ሰው ሊቀንሱ ነው" የሚል ነገር ተጀመረ፣ አለቃዬ ደሞ ውጤቱ በየፋይላቸው ይግባ ይላል። እኔ ልክ አልመሰለኝም፣ ምን ብዬ ላስረዳው?

ነርስ_ነኝ፦
እህቴ የፋይሉን ነገር ከወዲሁ አስቁሚው። የዓለም የስራ ድርጅት አይኤልኦ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ቁጥር 200 የሚባል ምክረ ሀሳብ አለ፣ ምርመራ በሰራተኛው ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይሁን፣ ለመቅጠርም ለማሰናበትም መነሻ አይሁን፣ ማንም ስለራሱ ሁኔታ እንዲናገር አይገደድ ይላል። ፕሪንት አድርገሽ ስጪው። ከተመድ የኤድስ ፕሮግራም ከዩኤንኤድስ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2013 5 ሚሊዮን ሰራተኛ እንዲመረመር ሲነሱም በፈቃደኝነት ነው ያሉት። ደሞ እኮ ውጤቱ ቢሮ እንደሚገባ ከታወቀ ቀድሞ የሚቀረው ምርመራው በጣም የሚያስፈልገው ሰው ነው።
መርማሪዎቹ ከውጪ ይምጡ። ለእናንተ የሚሰጣችሁ ስንት ሰው ተመረመረ የሚለው ቁጥር ብቻ ይሁን፣ ስንት ፖዘቲቭ ተገኘ የሚለውን በየክፍሉ ከፋፍለው ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ስምንት ሰው ባለበት ክፍል አንድ ተገኘ ከተባለ በማግስቱ ሁሉም ማን እንደሆነ መገመት ይጀምራል።

ሴፍቲ_ኦፊሰር፦
ነርሷ ባለችው ላይ ልጨምር፣ ኤችአይቪን ለብቻው አታድርጉት። እኛ ጋ ግፊት፣ ስኳር፣ ክብደት፣ የቲቢ ምልክት፣ አይን፣ ሁሉም በአንድ ቀን ነበር፣ ኤችአይቪ ደሞ ለፈለገ። ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፣ ደህና ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ሲለካ ከ140/90 በላይ ሆኖ ሲያገኘው ይደነግጣል፣ ለዚ ብቻ ሲባል እንኳን ቀኑ ይጠቅማል።
ዋናው የምነግርሽ ግን የክፍሉን ነገር ነው። ኔጋቲቩ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሲወጣ ሌላው ግማሽ ሰዓት ከቆየ ደጅ የተሰለፈው ሁሉ ሰዓት እያየ ነው ያለው፣ ማንም ምንም ሳይናገር ሚስጥሩ ወጣ ማለት ነው። ስለዚ ሁሉም ሰው፣ ኤችአይቪ አልመረመርም ያለውም ጭምር፣ እዛው ክፍል ገብቶ የግፊቱንም የስኳሩንም ውጤት ተነግሮት ተቀራራቢ ጊዜ ቆይቶ ይውጣ፣ ረዘም ያለ ምክር የሚያስፈልገው ሰው ቦታው ሌላ ጋ ይመቻችለት። እንደዛ ከሆነ ማን ተመረመረ ማን ቀረ አይታወቅም። የሚወጡበት በር ከሚገቡበት ቢለይ ደሞ በጣም ጥሩ ነው። የማታ ፈረቃውን ቀን ጠርታችሁ እንዳታንገላቱት፣ መርማሪዎቹ በሱ ሰዓት ይምጡ፣ ሰዓቱም እንደ ስራ ሰዓት ይታሰብ።

ጠያቂ21፦
ይቅርታ ጥያቄ አለኝ፣ በፈጣኑ ኪት ፖዘቲቭ ካለ አለቀ ማለት ነው? እኔ የምፈራው እሱን ነው።

ነርስ_ነኝ፦
አላለቀም ወንድሜ። አንዱ ኪት ስላሳየ ብቻ ፖዘቲቭ ነህ አይባልም፣ በሌላ አይነት ኪት ይደገማል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሶስት ተከታታይ ምርመራ ነው የሚመክረው። በምራቅ ራስህ የምትመረምርበት ኪትም እንደዛው ነው፣ ምልክት ካሳየ ሄደህ ታረጋግጣለህ። ኔጋቲቭ ከሆነ ደሞ በቅርብ ያጋጠመህ ነገር ካለ ከ3 ወር በኋላ ድገመው፣ ኪቱ የሚያየው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሰራው ነገር፣ እስኪታይ ጊዜ ስለሚወስድ።

ዝምተኛው፦
እኔ ቫይረሱ በደሜ ያለ ሰው ነኝ። መድኃኒቴን በስርዓት ስለምወስድ መጠኑ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ነው፣ እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ስጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ይሄን ከምርመራው ቀን በፊት ለሰራተኛው ንገሩት፣ ብዙ ሰው አያውቅም፣ ፍርሃቱም ግማሹ ከዛ ነው የሚመጣው።
ሌላው ማንም ያላነሳው ከምርመራው በኋላ ያለውን ነው። በፊት የምሰራበት ቦታ ለቀጠሮ በወጣሁ ቁጥር ወረቀት አምጣ ይሉኝ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ደሞ የታከምኩበት ክፍል ማህተም አለ። አንዴ ሁለቴ አመጣሁ፣ ከዛ ቀጠሮ ማሳለፍ ጀመርኩ፣ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ነርሷ ታውቀዋለች። ፀሐይ፣ ስልጣኑ ካለሽ ምርመራው ሳይጀመር በፊት የህክምና ፈቃድ አሰጣጡን አስተካክሉት፣ የት ክፍል ነው የሄድከው ተብሎ አይጠየቅ፣ ወረቀት የግድ ካስፈለገም ቀንና ሰዓት ያለበት ይበቃል።