ተማሪው ያነሰ ሃይስኩል ይዘጋ? እንከራከርበት

የሬይነር አባት፦

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የተጀመረ ክርክር ነው። ቡናው ሦስተኛ ደረሰ፣ እኛ ግን አልተስማማንም። ስለዚህ ወደዚህ አመጣሁት።

ለማያውቅ ነገሩ ይህ ነው። የሲያትል የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2019 ወዲህ ብዙ ሺህ ተማሪ ቀንሰዋል። የበጀት ጉድለቱ በ2024 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ እስከ 21 ትምህርት ቤት የሚዘጋ ሐሳብ ወጣ። ወላጅ ሆ ብሎ ተነሳ። ኦክቶበር ላይ ዝርዝሩ ወደ 4 ወረደ። ኖቬምበር ላይ እሱም ቀረ። ዝርዝሩ ውስጥ ሃይስኩል አልነበረም። የበጀቱ ጣጣ ግን በየዓመቱ ይመለሳል።

እሁድ ዕለት አንድ ወዳጄ "በሚቀጥለው ዙር ትንንሾቹን ሃይስኩሎች ይዝጉ፣ ውጤታቸውም ዝቅ ያለ ነው" አለ። ኖቫንና ወርልድ ስኩልን ማለቱ ነው። ኖቫ በ1970 የተጀመረ ኦልተርኔቲቭ፣ ማለትም አሠራሩ ከመደበኛው የተለየ ሃይስኩል ነው። ፊደል ማርክ አይሰጥም። ያለው ኢስት ቼሪ ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶች አጠገብ ነው። ወርልድ ስኩል ደግሞ አዲስ ለመጡና እንግሊዝኛ ለሚጀምሩ ልጆች ነው። ከእኛም ልጆች ያለፉበት አሉ።

እኔ እንዳይዘጉ ነው የምፈልገው። ምክንያቴ የእህቴ ልጅ ነው።

በ17 ዓመቱ መጣ። የያዘው ትራንስክሪፕት በእጅ የተጻፈ ነው፤ ማህተሙ ደብዝዟል። በዕድሜው ተብሎ ትልቅ ሃይስኩል 11ኛ ክፍል ገባ። ዝምተኛ ልጅ ነው። ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ክፍል አልገባም! እናቱ ስልክ ላይ በየቀኑ የተቀዳ የእንግሊዝኛ ድምፅ ይደወል ነበር። እሷ ማስታወቂያ እየመሰላት ትዘጋዋለች። ልጁ ቀኑን የሚገፋው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። ለምን ስንለው "ምሳ ሰዓት የምቀመጥበት የለኝም" አለ። ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

በኋላ ወደ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት አዛወርነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን እንቅልፍ ጣለው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መምህሩ ራሱ በአስተርጓሚ ደወለ። መጀመሪያ የጠየቀው "ደህና ነው ወይ?" ብሎ ነው። እህቴ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች። ልጁ በ20 ዓመቱ ጨረሰ። የምረቃ ውጤት ሰንጠረዡ ላይ ግን በአራት ዓመት ስላልጨረሰ "በጊዜው ካልተመረቁት" ጋር ነው የተቆጠረው። ቁጥሩ ያንን ልጅ እንደ ውድቀት ከያዘው፣ በዚያ ቁጥር ትምህርት ቤት መዝጋት ልክ አይደለም።

የዌስት ሲያትሉ፦

እሁድ የተባለው ወዳጅ እኔ ነኝ። ስለ ልጁ ደስ ብሎኛል፣ እግዜር ይጠብቀው። ግን በአንድ ልጅ ታሪክ በጀት አይሠራም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የስቴቱ ገንዘብ የሚመጣው በተማሪ ቁጥር ነው። 200 ልጅ ያለበትም ሕንፃ ርእሰ መምህር፣ ጸሐፊ፣ ነርስ፣ አማካሪ ይፈልጋል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ማሞቂያው ይበላሻል። ያ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከትልልቆቹ። የእኔ ልጅ ክፍል ውስጥ 34 ናቸው። እሷም የሚደውልላት መምህር አታገኝም።

ደግሞ ዋናው ፍርሃቴ ገንዘቡ አይደለም። ትንሽ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የተሟላ የሳይንስ ላብራቶሪ (ላብ) የለውም፤ ካልኩለስ የሚወስድ አምስት ልጅ ከሌለ መምህር አይመደብም። ልጁ ይወደዳል፣ ይታቀፋል። ከዚያ ኮሌጅ ሲገባ ከሒሳብ መሠረታዊ ይጀምራል። ልጆቻችንን በርኅራኄ ዝቅ አድርገን እንዳናስቀምጣቸው ነው የምለው።

የሒሳብ ሰው፦

ሃይስኩል ሒሳብ አስተምራለሁ። ቁጥሩን ከመወርወራችን በፊት ቁጥሩ ምን እንደሆነ እንይ።

በአንድ ዓመት 20 ልጅ የሚመረቅበት ትምህርት ቤት አስቡ። አንድ ልጅ 5 በመቶ ነው። ሁለት ቤተሰብ ኪራይ ተወዶባቸው ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ልጆቹ የት እንደገቡ ካልታወቀ፣ ትምህርት ቤቱ በ10 ነጥብ "ወደቀ"። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ጎበዝ ልጆች ከመጡ "ተአምር ሠራ"። ያስተማሩት ያው መምህራን ናቸው። ሃዋርድ ዌይነር የሚባል የስታቲስቲክስ ሊቅ ይህንን በፔንሲልቬኒያ ውጤቶች አሳይቷል፦ ከአናት ላይም ከግርጌም ከሚገባው በላይ የሚበዙት ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ትንሽነት ራሱ ቁጥሩን ያወዛውዘዋል።

የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ፣ በ2015 የወጣው፣ የምረቃ መጠኑ ከ67 በመቶ በታች የሆነ ሃይስኩልን ድጋፍ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ይመድባል። ዋነኛው መለኪያ በአራት ዓመት ውስጥ የተመረቁት ናቸው። እዚህ ዋሽንግተን ለመመረቅ 24 ክሬዲት፣ ማለትም ከታለፈ ኮርስ ሁሉ የሚጠራቀም ነጥብ፣ ያስፈልጋል። በ17 ዓመቱ ጥቂት ክሬዲት ብቻ ተይዞለት 11ኛ የገባ ልጅ በሁለት ዓመት ከየት ያመጣል? ሕጉ ግን እስከ 21 ዓመቱ እንዲማር ይፈቅድለታል። አንደኛው ሕግ "ጊዜ አለህ" ይለዋል፣ ሌላኛው መለኪያ "ዘገየህ" ይለዋል። የአምስትና የስድስት ዓመቱም ይሰላል። እሱን የሚጠይቅ ወላጅ ግን እስካሁን አላየሁም።

የተመዘገበው ቁጥርም እንዲሁ ነው። ኦክቶበር ላይ ቆጠራ ተደርጎ መምህራን ይሸጋሸጋሉ። አዲስ መጤ ልጅ ግን ቪዛው ሲወጣ ነው የሚመጣው። ጃንዋሪ ላይም፣ ማርች ላይም ይመጣል። በመከር ባዶ የነበረው ወንበር በጸደይ ሞልቶ ይገኛል።

እናት ነኝ፦

ሁላችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል።

ልጄ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ስድስት ክሬዲት ጎደለው። ጥፋቱ የእሱም ነው፣ አልደብቅም። አማካሪዋ ጠራችኝ። በጣም ትሁት ናት። "ለእሱ የተሻለ ቦታ አለ" አለችኝ። ፈገግ እያለች ወረቀት ዘረጋችልኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው "በቃ ማታ ተማሪ ሆነ ማለት ነው" አለ። ታውቁታላችሁ፣ አገር ቤት "ማታ ነው የሚማረው" ሲባል ሰው ፊቱን እንዴት እንደሚያዞር። ሳምንት ሙሉ ከቤተ ዘመድ ስልክ አላነሳሁም።

በኋላ ሳስበው ነው የገባኝ። ትልቁ ትምህርት ቤት የልጄን ስም ከዝርዝሩ አወጣ። የእሱ ቁጥር አማረ። ትንሹ ትምህርት ቤት ስድስት ክሬዲት የጎደለው ልጅ ተቀበለ። የእሱ ቁጥር ተበላሸ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን "ይሄ ጥሩ፣ ይሄ መጥፎ" እንላለን። ወንድሜ የዌስት ሲያትሉ፣ ትንሹን ስትዘጋው የአንተ ልጅ ክፍል ውስጥ ያሉት 34ቱ 36 ይሆናሉ እንጂ ልጆቹ አይጠፉም። ወይም ይጠፋሉ፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው።

ትንሹንም ዝም ብዬ አላሞግስም። ልጄ እዚያ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ክሬዲት "ማካካሻ" ሲጫን ነው የከረመው። ሦስት ሳምንት የሚፈጀውን ኮርስ በአራት ቀን ጨረሰ። ምን ተማርክ ስለው አንድ ነገር መናገር አልቻለም። ሄጄ ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ያስተማረው። ሁሉም እናት ሄዳ መጮህ ትችላለች? ቋንቋው የሌላትስ?

የዌስት ሲያትሉ፦

እህቴ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ልክ ነሽ፣ ልጁ ከትልቁ ዝርዝር ሲወጣ ማን እንደላከው አይጻፍም። ስለ ኮምፒውተሩ የነገርሽን ግን የእኔን ፍርሃት ነው የሚያጸናው። ክሬዲት መስጠትና ማስተማር ለየቅል ናቸው።

ተመራቂ፦

ሰላም ጋሼ፣ ሰላም እትዬ። እኔ ማርክ ከማይሰጥ ትንሽ ሃይስኩል ነው የጨረስኩት። አባቴ "A የለም፣ B የለም፣ ታዲያ ምንህን ነው የማየው?" ብሎ ወር ሙሉ ተጨቃጨቅን። የሚሰጡት በጽሑፍ ነው፦ ይህን ይችላል፣ ይህ ይቀረዋል። ያልቻልኩትን እስክችል ክሬዲቱን አይለቁልኝም። D ይዞ ማለፍ የለም። ለእኔ ከማርክ የከበደ ነበር።

ላብ ላይ ጋሼ እውነት ብለዋል። ኬሚስትሪ አልወሰድኩም። ሒሳብ ግን ረኒንግ ስታርት በሚባለው ፕሮግራም ሲያትል ሴንትራል ኮሌጅ ወሰድኩ። 11ኛና 12ኛ ክፍል የሆነ ሰው የኮሌጅ ትምህርት ክፍያ ሳይከፍል መውሰድ ይችላል፣ ስቴቱ ነው የሚሸፍነው። አውቶቡሱ ደግሞ 15 ደቂቃ ነው።

የዌስት ሲያትሉ፦

ጎሽ የእኔ ልጅ። ግን አንተ እንግሊዝኛህ የተሟላ ነው። ትናንት የመጣው ልጅ ኮሌጅ ክፍል ገብቶ ምን ይሆናል? ረኒንግ ስታርት ለእሱ በር አይደለም። እንዲያውም ሁለቱን ትምህርት ቤቶች ባንድ ላይ መጨፍለቃችን ራሱ ስህተት ይመስለኛል። አንዱ ትልቁ ቤት ላልተመቸው ልጅ ነው፣ ሌላው ቋንቋ ለሚጀምር ልጅ።

ታዲያ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ለምን ትልቁ ሃይስኩል ውስጥ አይገቡም? ላቡም፣ ካልኩለሱም፣ የእግር ኳስ ቡድኑም እዚያ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፦

ከቨርጂኒያ ነኝ፣ ልግባ። እኛ ጋ የተደረገው ይሄው ነው። የአሌክሳንድሪያ ሃይስኩል ከ4,000 በላይ ተማሪ ያለው ነው። በ2012 በውስጡ ኢንተርናሽናል አካዳሚ ተከፈተ። አዲስ የመጡ ልጆች የራሳቸው መምህራን አላቸው፣ መምህራኑ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ይነጋገራሉ። ላቡና ስፖርቱ ግን የጋራ ነው። ሐበሻ ልጅ ሞልቷል። ሐሳቡ ከኒው ዮርክ የመጣ ነው፤ እዚያ የመጀመሪያው ኢንተርናሽናል ሃይስኩል ላጓርዲያ ኮሌጅ ውስጥ በ1985 ነው የተከፈተው።

ትንሽነቱ እንዳይጠፋ ነው ዋናው። ሕንፃው ትልቅ ቢሆን ግድ የለም።

የሒሳብ ሰው፦

ኒው ዮርክ ከተነሳ ልጨምር። ከ2002 እስከ 2008 ከተማዋ ከ20 በላይ ትልልቅ ደካማ ሃይስኩሎችን ዘግታ ከ200 በላይ ትንንሽ ከፈተች። ብዙዎቹ አንድ ሕንፃ ተጋርተው ነው። አመልካች ሲበዛ ዕጣ ይወጣ ስለነበር፣ ኤምዲአርሲ የሚባል የጥናት ተቋም ዕጣ የወጣላቸውን ካልወጣላቸው ጋር አወዳደረ። የምረቃው ልዩነት 9 ነጥብ ገደማ ነበር። ለድሃ ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላውንም ልናገር። እዚሁ ከተማችን ያለው የጌትስ ፋውንዴሽን በመላ አገሪቱ ለትንንሽ ሃይስኩሎች ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ። ቢል ጌትስ በ2009 ደብዳቤው ብዙዎቹ የተማሪውን ውጤት ያን ያህል አላሻሻሉም ብሎ ጽፏል። የተሳካላቸው አሠራራቸውን ከሥር የለወጡት ናቸው አለ። ስለዚህ ትንሽ መሆን ብቻውን አያስተምርም። መምህሩ ልጁን አውቆት፣ ከዚያ ደግሞ ከባድ ነገር ሲሰጠው ነው።

የሬይነር አባት፦

ስለ መጨፍለቁ ተቀብያለሁ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ስለ ማዛወሩ ግን አንድ ነገር እናስታውስ። በ2009 ተመሳሳይ ጊዜ መጥቶ ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ኖቫም ከቼሪው ሕንፃ ወጥቶ ሚኒ (Meany) ወደሚባል ሕንፃ ተዛወረ። አዲስ መጤዎቹም እዚያው ገቡ። ብዙ ሳይቆይ የከተማው ልጅ በዛና ተዘግተው የነበሩ ሕንፃዎች እንደገና ይከፈቱ ጀመር። ኖቫ በ2014 ተመልሶ ቼሪ ገባ። ሁለቴ ዕቃ ጠቅልሎ መንከራተት ነው። ትልቅ ትምህርት ቤት ሲዛወር ተማሪው ተከትሎ ይሄዳል። የእህቴን ልጅ የመሰለ ልጅ ግን ሁለተኛ አውቶቡስ መያዝ ሲኖርበት መንገድ ላይ ይቀራል።

ደግሞ አገር ቤትን እንይ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። አንድ ልጅ እንኳ ያላሳለፉ ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ያኔ ማናችንም ይዘጉ አላልንም። ልጆቹ ምን ጎደላቸው ነው ያልነው። መጽሐፍ ነው ወይ፣ መምህር ነው ወይ? ለምን እዚህ ስንደርስ ጥያቄያችን ተለወጠ?

የዌስት ሲያትሉ፦

የተለወጠው እዚህ ታክስ ስለምከፍል ነው፣ ወንድሜ። የመጠየቅ መብት አለኝ። ግን ጥያቄዬን ላስተካክል። "ይዘጋ" ማለቴን ትቻለሁ። በትልቁ ውስጥ ይግባ የሚለውን አልተውኩም፤ ከቨርጂኒያ የመጣውን ሰምታችኋል። ይቆይ ካላችሁ ደግሞ የአምስት ዓመቱ ምረቃ ይውጣ። ከየትኛው ሃይስኩል ስንት ክሬዲት ጎድሎት እንደመጣ ይውጣ። ከተመረቀ በኋላ የት እንደደረሰም ይውጣ። በእንክብካቤ ስም ባዶ ዲፕሎማ እንዳይሰጥ።

እናት ነኝ፦

በዚህ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው፦ ማን እንደላከው ከነስሙ ይውጣ። የትምህርት ቤቱ ስም ማለቴ ነው።

የሬይነር አባት፦

የትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ላይ ለአንድ ሰው የሚሰጠው 2 ደቂቃ ነው። አስቀድሞ መመዝገብ ይጠይቃል። የአማርኛ አስተርጓሚም አስቀድመን እንጠይቅ። አራት ሰው ከሄድን 8 ደቂቃ ነው። እኔ ስለ ስልኩ እናገራለሁ። እህቴም ትመጣለች፣ ጠይቄያታለሁ።

የሒሳብ ሰው፦

እኔ የአምስትና የስድስት ዓመቱን ይዤ እመጣለሁ። በአንድ ገጽ።

የዌስት ሲያትሉ፦

እኔም እመዘገባለሁ። ግን እንዳትቀየሙኝ፣ የእኔ 2 ደቂቃ ስለ ኬሚስትሪ ላብ ነው።

ተመራቂ፦

ጋሼ፣ እኔ ከእርስዎ ጎን ነው የምቀመጠው።