የትራይክ ክንፍ ሸራ በምን ይታጠብ? ጨው፣ አቧራና የሞተር ጥላሸት

ትራይከኛው፦
ጤና ይስጥልኝ። ኤምሬትስ ውስጥ ራስ አል ኸይማ አካባቢ ስላለ ባለሁለት ወንበር ትራይክ (ከሸራ ክንፍ ሥር ሞተርና ወንበር የተንጠለጠለበት ቀላል አውሮፕላን) ልጠይቅ። የክንፉ ሸራ ዳክሮን የሚባል የፖሊስተር ጨርቅ ነው፤ ላዩ ነጭ፣ ታቹ ሰማያዊ፣ የፊት ጠርዙ ውስጥ ማይላር (ደረቅ የፕላስቲክ ንጣፍ) የገባበት። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ሌሊት ጤዛ ያርሰዋል፣ አቧራው ከጤዛው ጋር ይቦካና ፀሐይ ስትወጣ እላዩ ላይ ይደርቃል። የፊት ጠርዙ ላይ ነፍሳት ተለጥፈዋል፤ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው የታችኛው ሸራ ደግሞ በጥላሸትና በዘይት ጠቁሯል። ኦሞ ላይ ትንሽ በረኪና ጠብ አድርግበት ያለኝ አለ፣ ልቤ ግን አልፈቀደም። መኪና በሚታጠብበት የግፊት ውሃ ይቻላል? እንደተወጠረ ይታጠብ ወይስ ሸራው ከተወጠረበት የአልሙኒየም ቱቦ ይውጣ? ከፀሐይ ይከላከላል የሚባለው ስፕሬይስ?

ሸራ ሰፊ፦
ልብህ ልክ ነው፣ በረኪናውን እርግፍ አድርገህ ተወው። ቀለም ማንጣቱ ትንሹ ጉዳት ነው። በስፌትና በባተን (ሸራውን ቅርጽ የሚያስይዘው ቀጭን ዘንግ) ኪስ ውስጥ ሰርጎ የቀረው የአልሙኒየሙን ቱቦ፣ አይዝግም የሚባለውን ሽቦ ሳይቀር ይበላል። ኦሞም አልካሊው ጠንከር ያለ ነው፣ ፖሊስተር ደግሞ አልካሊ አይስማማውም። በ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ይበቃል። አረፋ ሲበዛ ማለቅለቁ ይከብዳል እንጂ ሸራው የበለጠ አይጸዳም።

ከሳሙናው ይልቅ ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። መጀመሪያ ሸራውን በእጅ ሳትነካ በአትክልት ማጠጫ ጎማ ከመሃል ወደ ጫፍ ውሃ አውርድበት፣ የደረቀው ጭቃ ርሶ በራሱ እስኪፈስ ድረስ። አሸዋው ሳይወርድ ስፖንጅ ካሳረፍክ ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግኸው ነው። ቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ የስፌቱ ክር ነው፤ ክሩ ከሸራው በላይ ጎልቶ ስለሚቀመጥ ፍተጋውም ፀሐዩም እሱ ላይ ያርፋል። ከዚያ በለስላሳ ስፖንጅ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እየከፈልክ፣ ሳሙናው ሳይደርቅ እያለቀለቅህ ሂድ። ቀትር ላይ አትሞክረው። እናንተ ጋ ውሃው ገና ሳይፈስ ይደርቃል፣ የሳሙናው ቀለበትም ሸራው ላይ ይቀራል።

የግፊት ውሃ በፍጹም። ሸራውን ደርቅ አድርጎ የያዘው በሽመናው መሃል የገባው ሬዚን፣ ማለትም ማጠንከሪያ ሙጫ ነው። ግፊቱ ሬዚኑን ይሰባብረዋል፣ አሸዋውንም ወደ ስፌቱ ይነዳዋል። ሬዚኑ ያለቀበት ሸራ ሰያፍ ሲጎተት ይለጠጣል፤ አንዱ ጎን ከሌላው በልጦ ሲለጠጥ ክንፉ ወደ አንድ ወገን መሳብ ይጀምራል። በልብስ ማጠቢያ ማሽን ስለሚያሽከረክሩት ሰዎች ባልናገር ይሻላል።

ነፍሳቱን አትፋቅ። በሳሙና ውሃ የተነከረ ጨርቅ የፊት ጠርዙ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አንጥፍ፣ ከዚያ በጨርቁ ራሱ ጥረግ። ለዘይቱ ያልተበረዘ ላርጎ በጣትህ ቀብተህ 10 ደቂቃ አቆይና በጣም ለስላሳ በሆነ የጥርስ ብሩሽ ዳበስ ዳበስ አድርገህ አለቅልቅ። ሁለቴ ተደርጎ ያልለቀቀ ጥላሸት እዚያው ይቆይ፤ መልኩን ያበላሻል እንጂ በረራውን አይነካም። ቤንዚን፣ ቲነርና አሴቶን ግን የማይላሩን ሙጫና ክንፉ ላይ የተለጠፈውን የምዝገባ ቁጥር ያላቅቃሉ።

ዳክሮን፦
ሸራ ሰፊ ባለው ላይ ስለ ውሃው ልጨምር። እንደተወጠረ እጠበው። ሸራ ከቱቦ ማውጣትና መመለስ የሙሉ ቀን ሥራ ነው፣ ሲመለስም እያንዳንዱ ብሎንና ሽቦ በማንዋሉ መሠረት መፈተሽ አለበት። ለተራ እጥበት አያስፈልግም፤ አሸዋ ውስጥ ገብቶ ሲንኮሻኮሽ ከሰማህ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ያኔም መጀመሪያ ባተኖቹን አውጣና ኪሶቹን አራግፍ። ባተን ስታወጣ ግራውን በቀይ፣ ቀኙን በአረንጓዴ ቴፕ ምልክት አድርግበት፤ ስትመልስ በአምራቹ የቅርጽ ወረቀት ላይ አስተኝተህ ጉብጠቱን አመሳክር።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው በላይኛውና በታችኛው ሸራ መሃል የሚገባውን ውሃ ነው። ወደ ኋላ ጠርዝና ወደ ክንፉ ጫፎች ወርዶ ይጠራቀማል። ጥቂት ሊትር እንኳ እዚያ ከተቀመጠ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይላል። የራሰ የፊት ጠርዝ ደግሞ የስቶል ፍጥነትን (ከእሱ በታች ክንፉ መሸከም የሚያቅተውን ፍጥነት) ከፍ ያደርጋል፤ ማለትም በለመድከው ፍጥነት ልታርፍ ስትል ክንፉ ቀድሞ ይከዳሃል። ስለዚህ አንዱን ጫፍ ዝቅ አድርገህ አፍስስ፣ ከዚያ ሌላውን፤ የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ በአቧራ አለመደፈናቸውንም እይ። የታችኛውን ዚፕ ከፍተህ ነፋስ ይግባበት። ዚፑ ከጠጠረ ሻማ እሸው፤ ዘይት አሸዋ ይሰበስባል።

የእናንተ ዋና ጣጣ ጨው ስለሆነ ሁልጊዜ በሳሙና ማጠብ አያስፈልግህም። ባሕር ዳር በዋለ ቁጥር በንጹሕ ውሃ ብቻ አለቅልቀው፤ ሳሙናው ቆሻሻው ሲጠና ይሁን። የሽቦዎቹን ጫፍና የብረት ብሎን አልሙኒየም የሚነካበትን ቦታ ውሃው ይድረሰው፣ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው።

የለንደኑ፦
ስፕሬዩን በተመለከተ፦ በፀሐይ ያለቀ ጥንካሬን የሚመልስ ስፕሬይ የለም። ሲሊኮን ያለበት ከሆነ ደግሞ ነገ የጥገና ቴፕ አልይዝ ይልሃል። አምራቹ በስም ካልፈቀደው አትርጨው። ገንዘቡን ለሽፋን አውለው፤ ብርሃን የማያሳልፍ፣ አየር ግን የሚያስወጣ ይሁን። ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆያ) ውስጥ ነው ብለህም አትዘናጋ፣ ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ ካለ ከሥሩ ያለው ክንፍ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ እየሞቀ ነው።

ንጹሕ መሆኑ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። እዚህ እንግሊዝ በዓመታዊ ምርመራ ላይ ቤትሶሜትር በሚባል መሣሪያ ሸራው ይፈተናል። 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መርፌ ሸራው ውስጥ ይገባና በስፕሪንግ ሚዛን ይሳባል፤ ማንዋሉ እስካስቀመጠው ግራም ድረስ ሳይቀደድ ከቻለ አለፈ። ስፌቱም ለብቻው ይፈተናል። የሚፈተነው ከላይ፣ ፀሐይ በብዛት ያገኘው ቦታ ነው፤ በተለይ ፍሎረሰንት ቀለም ያለው ሸራ ቶሎ ያልቃል። በእናንተ ፀሐይ ዓመት ባትጠብቁ ጥሩ ነው።

ትራይከኛው፦
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ቀረኝ፦ ከረጢቱ ውስጥ ቆይቶ የወጣ ሌላ ክንፍ ላይ ጥቋቁር የሻጋታ ነጠብጣብ አለ። የኋላ ጠርዙ አጠገብም የጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ አለችው።

ሸራ ሰፊ፦
ሻጋታውን ውጭ አውጥተህ ሲደርቅ በለስላሳ ብሩሽ አራግፍ፣ ከዚያ በዚያው በላርጎ ውሃ እጠበው። ነጠብጣቡ ጥላው ሊቀር ይችላል፣ ፖሊስተሩን ግን አይበላውም። የሚመጣው ሳይደርቅ ከመጠቅለል ነው። ደርቋል ብለህ ስታስብ እጅህን በባተን ኪስና በድርብ ስፌቱ ውስጥ ክተት፤ ከቀዘቀዘህ ገና ነው። ስትጠቀልል ማይላሩ ስለት ያለው እጥፋት አይያዝ፣ ሸራው ብረት በሚነካበት ሁሉ ስፖንጅ አስገባ፣ የከረጢቱ ዚፕም ወደ ታች ይሁን።

ቀዳዳዋ ከስፌት ርቃ ብትሆን ኖሮ አካባቢውን በአልኮል ጠርገህ፣ ማዕዘኑ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ የዳክሮን ቴፕ በሁለቱም ወገን መለጠፍ ይበቃ ነበር። የኋላ ጠርዝ ግን ውጥረት የሚሸከም ቦታ ነው። ሸራ ሰፊ ሳያያት አይበረርበት።