የሩጫ ስኮላርሺፕና የውጤት ስኮላርሺፕ አብረው ይሄዳሉ?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ክሮስ ካንትሪና ትራክ ትሮጣለች፤ ዋና ርቀቷ 3200 ሜትር ነው። ጂፒኤዋ፣ ማለትም አማካይ ውጤቷ፣ 3.9 ነው። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፣ እኔ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። የሁለታችን ገቢ አንድ ላይ 90 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ከሷ በታች ሌሎች ልጆችም አሉን።

ሁለት ነገር መጥቶልናል። ከሜሪላንድ ውጭ ያለ የዲቪዥን አንድ (በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ "ሩቡን በሩጫ እንሸፍናለን" ብሎናል። አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ ደግሞ፣ ዲቪዥን ሦስት ነው፣ በዓመት 28 ሺህ ዶላር ሊሰጣት ፈልጓል። የልጅቷ ልብ ያለው የመጀመሪያው ጋ ነው። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ሰዎች ግን "የሩጫውን ከወሰደች የውጤቱን ያስቀሩባታል" ይሉኛል። እውነት ነው? ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል። የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ።

አባት ከአሌክሳንድሪያ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። 3.9 ይዞ 3200 መሮጥ ቀላል ነገር አይደለም።

የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ አይከለክልም። ድምሩ ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ ካወጣው የዓመት ወጪ ማለፍ የለበትም። ቱሽን፣ ዶርም፣ ምግብ፣ መጽሐፍና መጓጓዣ ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ልጄ ሁለቱንም ይዛ ነው የተማረችው፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

የሩጫ ገንዘብ እንደ ቅርጫት ኳስ አይደለም። ለረጅም ጊዜ አንድ የዲቪዥን አንድ ትምህርት ቤት ለሴቶች 18፣ ለወንዶች 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር የሚፈቀድለት። ያውም ለክሮስ ካንትሪና ለትራክ በአንድነት ነው። ዝላዩም፣ ውርወራውም፣ አጭር ርቀቱም ከዚያው ይቋደሳል። አሰልጣኙ ቆራርሶ ነው የሚያከፋፍለው፤ ለአንዷ ግማሽ፣ ለአንዷ ሩብ፣ ለአንዷ የመጽሐፍ ብቻ። ስለዚህ ሩብ ያለሽ ልጅሽን አሳንሶ አይደለም።

ስፖርተኞች ኤንሲኤኤን ከሰው የተደረሰው፣ በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው የሃውስ ስምምነት ይህን ቀይሮታል። ስምምነቱን የተቀበሉ ትምህርት ቤቶች አሁን የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደብ የለባቸውም። በምትኩ የቡድኑ ሰው ብዛት ተገድቧል፤ ክሮስ ካንትሪ 17፣ ትራክ 45። ደንቡ ፈቀደ ማለት ግን ትምህርት ቤቱ በጀት አለው ማለት አይደለም።

የልጅሽ ውጤት ጉልበት የሚሆናት እዚህ ላይ ነው። የሜሪት፣ ማለትም የውጤት፣ ገንዘብ የሚወጣው ከአሰልጣኙ በጀት አይደለም። አሰልጣኝ ጎበዝ ተማሪ ሲያገኝ ደስ የሚለው ለዚህ ነው፤ የራሱን ገንዘብ ብዙ ሳይነካ ሯጭ ያገኛል። የልጄ አሰልጣኝ ገና ሰዓቷን ሳይጠይቃት ነበር ትራንስክሪፕትሽን (የውጤት ወረቀትሽን) ላኪ ያላት።

ኤንሲኤኤ ቢፈቅድም አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ደንብ አለው። የሩጫው ሲገባ ሜሪቱን ይቀንሳል። ቤተ ክርስቲያን የሰማሽው ወሬ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ አሰልጣኙን ብቻ አትጠይቂ። ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውንም በኢሜይል ጠይቂ፤ በስልክ የተባለ ነገር ነገ ማስረጃ አይሆንሽም።

ሁለቱን ወረቀት ደግሞ ለየብቻ አንብቢ። የልጄ ሜሪት 3.0 ከያዘች በየዓመቱ ይታደሳል ይላል። የሩጫው ግን የአንድ ዓመት ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ የቅልጥሟ አጥንት ተሰነጠቀ። በዚያ ዓመት ገንዘቡን አልነኩትም፤ በጊዜው ደንብ በውሉ ዘመን ውስጥ በጉዳት ምክንያት መቀነስ ክልክል ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ግማሹን ቆረጡት። እንዲህ ያለው ደብዳቤ እስከ ጁላይ 1 መድረስ አለበት፣ ተማሪዋም ይግባኝ የማለት መብት አላት። ይግባኝ አልን፤ አልሰሙንም። ሜሪቱ ባይኖር ኖሮ ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ትገባ ነበር። እኔ የምልሽ ሜሪቱን መሠረት አድርጊና የሩጫውን በላዩ ጨምሪ ነው።

የቀድሞ ሯጭ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። ለመሮጥ የሚጠየቀው ጂፒኤ 2.0 አካባቢ ነው። ሜሪቱ ግን ብዙ ጊዜ 3.0 ወይም ከዚያ በላይ ይላል። ልጅዎ በ2.8 እየሮጠች ሜሪቷን ልታጣ ትችላለች። ያኔ አሰልጣኙ "ምንም ችግር የለባትም" ይልዎታል፤ በእሱ በኩል እውነቱን ነው።

እኔ ባዮሎጂ ነበር የተማርኩት። የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ልምምዱም ከሰዓት በኋላ ነው። የውድድር ሳምንት ሐሙስ በአውቶቡስ ወጥተን ቅዳሜ ሌሊት እንመለሳለን። ሌሎቹ ሲተኙ በስልክ መብራት የላብ ሪፖርት እጽፍ ነበር። ለጉብኝት ስትሄዱ ልጅቷ አሰልጣኙ በሌለበት ሯጮቹን ትጠይቅ፦ ላብ ያለው ትምህርት የምትወስድ ማን ናት? ልምምድ ሲያመልጣት ምን ትባላለች? እርስ በርስ እየተያዩ ዝም ካሉ እኔ ብሆን እፈራለሁ።

መቻሉን ግን ይቻላል። ያሬድ ንጉሤ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ኖትር ዳም ባዮኬሚስትሪ እየተማረ በ2019 የኤንሲኤኤ የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2024 ደግሞ ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ነሐስ ወሰደ።

ሃይስኩል ውስጥ የምሠራ፦

ባጭሩ። ዲቪዥን ሦስት በስፖርት ምንም ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ያ 28 ሺህ የውጤቷ ነው፤ ነገ መሮጥ ብታቆምም አይነካም። ስለዚህ ሁለቱን ስታወዳድሪ የአንደኛው ገንዘብ ከእግሯ ጋር እንዳልታሰረ ቁጠሪው።

አይቪ ሊግ፣ እነ ሃርቫርድ ማለት ነው፣ ደግሞ በስፖርትም በውጤትም አይሰጥም፤ የቤተሰብ ገቢ አይቶ ብቻ ነው። ለእናንተ ገቢ ግን እሱ ከሁሉም ሊበልጥ ይችላል። ሃርቫርድ ከ2025-26 ጀምሮ ገቢያቸው 100 ሺህና ከዚያ በታች ለሆነ፣ የተለመደ ንብረት ላላቸው ቤተሰቦች ነፃ ነው። የሩጫ ሰዓቷ የሚደርስ ከሆነ ለዚያ አሰልጣኝም ትጻፍ።

ፋፍሳ፣ የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው፣ የትም ብትሄድ ይሞላ። ገቢ ታይቶ መንግሥት የሚሰጠው የፔል ግራንት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው፤ እሱ ባይደርሳችሁም ሌላው እርዳታ የሚሰላው ከፋፍሳው ነው። ለመወዳደር ብቁ መሆኗን የሚያጣራው የኤንሲኤኤ ኤሊጂቢሊቲ ሴንተር ምዝገባዋንም አረጋግጪ፣ ከሃይስኩል 16 ዋና ዋና ትምህርቶች ይቆጠራሉ። የሜሪት ቀን አያምልጣችሁ፤ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ቅድሚያ የሚሰጠው እስከ ኖቬምበር 1 ላመለከተ ነው። ደግሞ ለዶርምና ለምግብ የሚውለው የስኮላርሺፕ ገንዘብ እንደ ገቢ ታክስ እንደሚታሰብበት ይታወቅ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሁላችሁም ተባረኩ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አሰልጣኙን "ሌላም ገንዘብ አለ ወይ" ብሎ መጠየቅ ነውር አይሆንም? ሰውየው በጎ ነው፤ ስግብግብ ናቸው እንዳይለን ይሉኝታ ያዘኝ።

አባት ከአሌክሳንድሪያ፦

ምንም ነውር የለውም እህቴ። ከየቤተሰቡ የሚሰሙት ጥያቄ ነው። የምትጽፈው ግን ልጅቷ ራሷ ትሁን፤ አሰልጣኞች ከሯጯ መስማት ይወዳሉ። እንዲህ ብላ ትጻፍ፦ "ቡድናችሁን እወደዋለሁ። ከቤተሰቤ ጋር ለመወሰን የአራቱን ዓመት ወጪ ማወቅ አለብኝ። ሩቡ የቱሽኑ ነው ወይስ የጠቅላላ ወጪው? ውሉ የስንት ዓመት ነው? ሜሪት ባገኝ ይደመራል ወይስ ይቀነሳል?"

የመጀመሪያዋን ጥያቄ እንዳትዘላት። ዶርምና ምግቡ ሲጨመር በሁለቱ ሩብ መካከል ያለው ልዩነት በሺዎች ነው። መልሱ ሲመጣ የልጅቷንና የትምህርት ቤቶቹን ስም ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊው። አብረን እንደምረዋለን።